በድምፅ ብልጫ የተጫነው ተሳቢ

አሥራ አራት የተማሩ ሰዎች እጃቸውን ወደ ላይ ስላነሱ ብቻ የአንድ ተሳቢ ክብደት ካለበት ቦታ ይነሣል ወይ? አትሣቁ። ቀላል ጥያቄ ነው፤ መልሱ አዎ ወይም አይነሣም ነው። አይነሣም የምትሉ ከሆነ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1987 ሚያዝያ ወር ላይ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ በአንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ የሆነውን ስሙ። ከዚያ በኋላ እናንተ እዚያ ብትቆሙ ኖሮ እጃችሁን የት ታደርጉት እንደነበር ለራሳችሁ ንገሩ።

ነገሩ ሲጀመር የጽድቅ ሥራ ነበር። ሰርክ የምትባል፣ ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ ቢሮ ስታጸዳ የምትውል እናት፣ የሎስ አንጀለስ ኑሮ አላላውስ ቢላት ከዘጠኝ ዓመት ልጇ ከፀሐይነሽ ጋር ወደ ዳላስ ለመሄድ ቆረጠች። ወንድሟ ሀይለገብርኤል እዚያ ቤንዚን ማደያ አለው፤ ከማደያው ጀርባም ውሃና መብራት የገባለት ባዶ ቦታ። ቤት ግን የለውም። የመረዳጃ ማኅበሩ ሰዎች መከሩና ቤቱን ከዚሁ ይዛ እንድትሄድ አደረጉ። ፈረንጆች ለሽርሽር የሚጎትቱትን፣ አልጋና ምድጃ ያለውን ባለጎማ ቤት ከአንድ ጡረተኛ ገዙላት። ጎታቹ የጋሼ መኩሪያ ፎርድ ፒክአፕ፣ ሹፌሩም ራሳቸው ጋሼ መኩሪያ እንዲሆኑ ተስማሙ። ፒክአፑን ለመንገዱ የማዘጋጀቱ ሥራ ደግሞ በነጅሙዲን ላይ ወደቀ።

ነጅሙዲን የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ጋራዥ መካኒክ ሆኖ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ባለቤቱ ከሥራ ሰዓት ውጭ ግቢውን እንዲጠቀምበት ፈቀደለትና ሁለት ሳምንት ሙሉ ከፒክአፑ ሥር አልወጣም። ፒክአፕ ጎታች ሆኖ አይወለድም፤ ይደረጋል። መጀመሪያ የኋላ ፓራውልቱ ላይ የነበረችውን መጎተቻ ኳስ ነቅሎ ጣላት፤ ፓራውልት ለጌጥ እንጂ ቤት ለመጎተት አልተሠራም። በምትኩ ሻንሲው ላይ በስምንት ቡሎን የሚያዝ ወፍራም መጎተቻ አሰረ። የካምቢዮው ዘይት በአሪዞና በረሃ እንዳይፈላ ከራዲያተሩ ፊት ትንሽ ማቀዝቀዣ ጨመረ። የተሳቢውን አራት ጎማዎች አውልቆ ኩሽኔታዎቹን አጠበና አዲስ ግራሶ ሞላቸው። የፍሬቻውንና የፍሬኑን ሽቦ አንድ በአንድ ፈተሸ። በስፔኪዮዎቹ ጎን ረዘም ያሉ ሌሎች ስፔኪዮዎች ተከለ። ከመሪው በታች ደግሞ የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው የሚያስይዝ፣ አንዲት ትንሽ እጀታ ያላት ሳጥን ገጠመ።

ጋሼ መኩሪያ በየቀኑ አመሻሽ ላይ ዊልሻየር መንገድ ላይ ከሚጠብቁት የመኪና ማቆሚያ ሲወጡ ወደ ጋራዡ እየመጡ፣ ባልዲ ገልብጠው ይቀመጡና ሥራውን ይመለከታሉ። ሃያ አንድ ዓመት በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው የነዱ ሰው ናቸው። አፋር በረሃ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው፣ በልጃቸው ልደት ቀን ሚሌ ድልድይ ሥር አድረው ያውቃሉ። ነጅሙዲን ልጅ ሆኖ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ያውለበለበላቸው ከነበሩት ሹፌሮች አንዱ እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ባሰበ ቁጥር ቁልፉን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል።

«ነጅሙዲን፣ ቤት ነው የምታስጎትተኝ ወይስ መርከብ?» ይሉታል ማቀዝቀዣውን አይተው። እጀታዋን ሲያዩ ደግሞ፣ «ይህቺስ? ሲጋራ መለኮሻ ናት?»

«ጋሼ፣ ተሳቢው ጭራውን መቁላት ከጀመረ የእግር ፍሬኑን እንዳይነኩ። ነዳጁን ለቀቅ ያድርጉና ይህችን ብቻ በእጅዎ ይጫኗት። ተሳቢው ወደ ኋላ ይጎትትና መስመሩን ይይዛል።»

«እንግዲህ በስተርጅና በጣት ፍሬን ልይዝ ነው» አሉና ሣቁበት። ግን ሹፌር ሹፌር ነው፤ ነጅሙዲን ዞር ሲል እጀታዋን ሦስት ጊዜ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ሲያደርጓት በስፔኪዮ አያቸው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። ተሳቢው ከፊት በኩል ሲጫነው ፒክአፑ ከኋላ ዝቅ ይላል። ያንን ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች የሚመልሱ ሁለት የብረት ዘንጎች አሉ። ታዘዋል፤ የሚደርሱት ግን ማክሰኞ ነው። ጉዞው ደግሞ ቅዳሜ እንዲሆን ተቆርጧል። ነጅሙዲን ሦስት ቀን እንታገሥ ብሎ ለማኅበሩ ጸሐፊ ለወርቅውሃ ተናግሮ ነበር፤ ሰውም ተጠርቷል፣ ዳላስም ድግስ ተደግሷል ተባለ።

ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ግቢው በሰው ሞልቶ አገኘው። በአገራችን መንገደኛ ባዶ እጁን አይሄድም፤ የሚሄደው የሁላችንንም ይዞ ነው። አንዷ ለእህቷ በርበሬ፣ አንዱ ለጓደኛው ቴሌቪዥን፣ ሌላዋ ለአማቷ የልብስ ስፌት መኪና ይዘው መጥተዋል። «ትንሽ ናት፣ ጥግ ላይ ብቻ ጣልልኝ» የማይል የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ብለው አባቶቻችን ተርተዋል። ተረቱን ሁላችንም በቃላችን እንይዘዋለን፤ ሃምሳውን ሎሚ አምጥተን አንድ ሰው ላይ የምንቆልለውም እኛው ነን። ሰርክ ደግሞ ተረድታ የምትሄድ ሰው ናት። ቤት የገዛላትን ሰው ምን ብላ ዕቃህን መልስ ትለዋለች?

በርበሬውስ እሺ ነበር። በመጨረሻ የመጣው ኅሩይ ነው። ኅሩይ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ በተማሪነቱ ዘመን በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሲናገር አዳራሽ የሚያስጨበጭብ፣ አሁንም ለሁለት ሰው ሲያወራ ለሁለት ሺህ ሰው የሚናገር የሚመስል ሰው። ሁለት ስቴሽን ዋገን መኪና ሙሉ ካርቶን አመጣ። ሃያ ሁለት ካርቶን። ውስጣቸው የማኅበሩ መጽሔት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይገዛው የእሱን ቤት የመኪና ማቆሚያ ያጣበበ መጽሔት። ለዳላስ ቅርንጫፍ ይላካል አለ። ነጅሙዲን አንዱን ካርቶን አንሥቶ አስቀመጠና ይህ ሁሉ ከሄደ የሰርክ ፍሪጅና አልጋ መቅረት አለበት ብሎ በለሆሳስ ተናገረ። ኅሩይ ትከሻውን ቸብ አደረገውና ሕዝቡ እየጠበቃት ነው አለው፤ መጽሔቷን ማለቱ ነው።

እሺ ብሎ ጫነ። ከባድ ከባዱን ከተሳቢው ጎማዎች ወደ ፊት፣ ቀላሉን ወደ ኋላ አደረገ። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ጭኖ ሲጨርስና ተሳቢውን ፒክአፑ ላይ ሲያሳርፈው ግን ፒክአፑ ከኋላ ቁጭ አለ። አፍንጫው ወደ ሰማይ ተሰቀለ። ሰው ሁሉ «ውይ» አለ።

ጋሼ መኩሪያ ከባልዲያቸው ተነሡ። ዞር ዞር ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህ ጭነት ተገልብጦ ነው የተጫነው» አሉ። «ተሳቢ ጎታቹን አይጫነውም፤ ይከተለዋል እንጂ። ከባዱን ወደ ኋላ ውሰደው።»

እዚህ ላይ ሰውየው አልዋሹም። የአሰቡ ተሳቢ ከፊትም ከኋላም የራሱ ጎማ አለው፤ ክብደቱን ሁሉ ራሱ ተሸክሞ የሚጎተት ጋሪ ነው፤ ጎታቹ ላይ አንዲት ኪሎ አያርፍም። ሃያ አንድ ዓመት ያዩት ይህንን ነው። ይህኛው ግን ጎማዎቹ መሐሉ ላይ ብቻ ናቸው፤ እንደ ሚዛን ነው። ከኋላው ከከበደ ከፊቱ ይቀላል፤ ከፊቱ የቀለለ ተሳቢ ደግሞ በፍጥነት ሲሄድ ጭራው ያሻውን ይሠራል። ነጅሙዲን ይህን ያውቃል። ለማስረዳት ሞከረ፤ «ጋሼ፣ ይህ እንኳ ትንሽ ለየት ይላል፣ ጎማው...» ብሎ ጀመረ። ጋሼ መኩሪያ በፈገግታ አቋረጡትና እሱ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የጨርቅ ኳስ ሲያባርር እሳቸው ሦስት መቶ ኩንታል ይዘው ደረቅ ሆድ ዳገትን ይወጡ እንደነበር ለተሰበሰበው ሰው ነገሩት። ሰው ሣቀ። ነጅሙዲንም ሣቀ። ምን ያድርግ?

ጭነቱ ወደ ኋላ ተዛወረ። ፒክአፑም ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ያማረ፣ የተስተካከለ፣ ለፎቶግራፍ የሚሆን። ሁሉም በዓይኑ አየና ደስ አለው።

ነጅሙዲን ግን አላስቻለውም። ከሰርክ ዕቃ መካከል የመታጠቢያ ቤት ሚዛኗን አወጣ። መሬት ላይ አንድ ጣውላ አጋድሞ፣ አንዱን ጫፍ በሚዛኑ ላይ ሌላውን በጡብ ላይ አስደግፎ፣ የተሳቢውን አፍ፣ ፒክአፑ ላይ የሚያርፈውን ጫፍ፣ ከጡቡ አንድ እጅ ከሚዛኑ ሁለት እጅ አርቆ በጣውላው ላይ አሳረፈ። እንዲህ ሲሆን ሚዛኑ ያነበበው በሦስት ይባዛል። ሃምሳ አነበበ። መቶ ሃምሳ ፓውንድ ማለት ነው። የዚያን ያህል ክብደት ያለው ተሳቢ አፉ ላይ ከአራት መቶ በታች መሆን የለበትም። ከመነሣቱ በፊት ጮክ ብሎ ሁሉም እንዲሰማ ተናገረው፤ መቶ ሃምሳ ነው፣ ከአራት መቶ መውረድ አልነበረበትም አለ።

ኅሩይ ጎንበስ ብሎ ሚዛኑን አየ። «ታዲያ፣ ቀለለ ማለት አይደለም እንዴ?» አለ። «ቢቀል ምን ይጎዳናል?» ሰው እንደገና ሣቀ።

ነጅሙዲን የኅሩይን መጽሔት አውርዱ፣ ወይም ማክሰኞን ጠብቁ፣ ከሁለት አንዱን አለ። ይህን ሲል ድምፁ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም። ያኔ ኅሩይ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋና ነገሩ በዴሞክራሲያዊ መንገድ ይፈታል አለ። ሁለት አሳብ ቀርቧል። አንደኛው የሃያ አንድ ዓመት ልምድ ያላቸው የጋሼ መኩሪያ አሳብ ነው፤ ጭነቱ ባለበት ሆኖ ነገ ጉዞ። ሁለተኛው የወንድም ነጅሙዲን አሳብ ነው። የጋሼ መኩሪያን አሳብ የሚደግፍ እጁን ያውጣ።

እጆች ወጡ። ወርቅውሃ በደብተሯ ላይ እየቆጠረች ትጽፋለች። አሥራ ሦስት አለች። ከዚያ ሁሉም ወደ ነጅሙዲን ዞረ። ጋሼ መኩሪያም ዞሩ፤ በቁጣ አይደለም፣ እንደ አባት ነው ያዩት። ባልዲው ላይ ተቀምጠው ያሳለፏቸው አመሻሾች ሁሉ በዚያ አስተያየት ውስጥ ነበሩ።

ነጅሙዲን እጁን አወጣ።

«አሥራ አራት፣ በሙሉ ድምፅ» አለች ወርቅውሃ፣ ጻፈችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሽኝት ሆነ። መንገደኛን ደጅ ላይ ተሰናብቶ መመለስ ነውር ነው፤ አምስት መኪና ባኒንግ ከምትባለው ከተማ ማዶ እስካለው ማረፊያ ድረስ ሊሸኝ ተከተለ። ነጅሙዲን ቶዮታውን ይዞ ከተሳቢው ቀጥሎ ነበር። ፀሐይነሽ ከፒክአፑ የኋላ መስኮት ዞር ብላ እጇን ታውለበልባለች፤ በተሳቢው የፊትና የኋላ መስኮት በኩል ተሻግሮ እየታየው እሱም ያውለበልባል። ሰማንያ ማይል ሰላም ሄዱ። ነጅሙዲን እንዲያውም ተሳስቼ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ተሳስቼ በሆነ ብሎም ጸለየ።

ከባኒንግ አልፎ መንገዱ ወደ በረሃው ሲወርድ፣ በሁለት ተራራዎች መካከል ነፋስ ክንፋቸውን የሚያሽከረክርላቸው፣ መብራት የሚያመነጩ አዲስ የብረት ምሰሶዎች በመቶ በመቶ ቆመዋል። ፈረንጅ እዚያ የተከላቸው በከንቱ አይደለም። ሸኚዎቹ ለስንብት ሊቆሙበት ያሰቡት ማረፊያ ሁለት ማይል ሲቀረው፣ አንድ ረጅም የጭነት መኪና በግራ በኩል አልፏቸው ሄደ። የእሱ ንፋስ የተሳቢውን ጭራ ወደ ቀኝ ገፋው። ጭራው ተመለሰ፤ ሲመለስ አልፎ ሄደ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ የተሳቢው ጎን ሙሉ በሙሉ ለነጅሙዲን ታየው፤ መስኮቶቹ፣ በሩ፣ ሰርክ ትናንት የሰቀለችው መጋረጃ። ፀሐይነሽ አልታየችውም።

ነጅሙዲን መኪናው ውስጥ ብቻውን፣ ማንም በማይሰማው ቦታ፣ «እጀታዋን፣ ጋሼ፣ እጀታዋን» ይል ነበር።

ተጫኗት። የተሳቢው ጎማዎች ብቻ ጭስ ሲያወጡ አየ፤ የፒክአፑ ጎማዎች አልተነኩም። ፒክአፑ ተሳበ፣ ተስተካከለ፣ ቀጥ አለ። መጎተቻው እንደታሰረ ነበር፤ ስምንቱም ቡሎኖች። ግን ሃያ ሁለቱ ካርቶኖች ከኋላ ጥግ ላይ ተጋፍተው ስለነበር ተሳቢው በአንድ ጎኑ አሸዋው ውስጥ ገባና ተንጋለለ፤ ፒክአፑንም ግማሽ ዙር አዙሮ አቆመው። ነጅሙዲን ሲደርስ ፀሐይነሽ ምንም አልሆነችም፤ የሰርክ ክንድ ተሰብሯል። ጋሼ መኩሪያ እጃቸው እጀታዋ ላይ እንደተጫነ ተቀምጠዋል። ቤቱ ግን ቤት መሆኑ ቀረ። ጎኑ ተቀድዶ ከውስጡ መጽሔት በነፋሱ እየተነሣ በበረሃው ላይ ይበተናል። ሕዝቡ ሲጠብቃት የነበረችው ይህቺ ናት።

ከዚያ በኋላ ነጅሙዲን ብዙ ሳምንት አሰበ። በሥራ ላይ፣ ከሰው መኪና ሥር ተንጋሎ፣ ያቺን እጁን ያስባል። ለምን አወጣት? ፈርቶ ነው እንዳይባል፣ ጋሼ መኩሪያ የሚፈሩ ሰው አይደሉም። አላውቅም ነበር እንዳይል፣ ቁጥሩን በአንደበቱ ተናግሯል። አንድ ቀን የፍሬን ሸራ ሲቀይር መልሱ የመጣለት መሰለው። እሱ እውነቱን የነገራቸው እንዲሰሙት አልነበረም፤ ተናግሬ ነበር ለማለት ነበር። ከተናገረ በኋላ ግዴታውን የጨረሰ መስሎት እጁን ለይሉኝታ ሰጠ። ቡሎን ሲያጠብቅ እንዲህ አያደርግም። ቡሎንን ግማሽ መንገድ አጥብቆ፣ የቀረውን በሰው ፊት አያምርም ብሎ አይተወውም። ሰርክ ጋ ሄዶ ይህን ሊነግራት ሞከረ። ክንዷ በጄሶ ታሽጎ፣ ከጓደኛዋ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ሰማችውና፣ «ለእኔ አትንገረኝ፣ እኔማ ውስጡ ነበርኩ» አለችው።

በሰኔ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። በኦሊምፒክ መንገድ በተከራዩት አዳራሽ ስልሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ወርቅውሃ የሥራ አመራሩን ሪፖርት ታነባለች። ዳላስ ሊሄድ ስለነበረው ርዳታ ሲደርስ እንዲህ ይላል፤ «ለደረሰው አደጋ ምክንያት የሆነው ከተሽከርካሪው ዝግጅት ጋር የተያያዘ የቴክኒክ ጉድለት ሲሆን፣ ማኅበሩ ወደፊት በሙያተኛ ምርጫ ላይ ጥንቃቄ ያደርጋል።» ስለ ጭነቱ አንድ ቃል የለም። ስለ ካርቶኖቹ የለም። እጅ ስለወጣበት ድምፅም የለም፤ ያ ሁሉ ዴሞክራሲ ጠፍቶ መካኒክ ብቻ ቀረ።

ኅሩይ ሪፖርቱ ይጽደቅ፣ የሚደግፍ እጁን ያውጣ አለ።

ጋሼ መኩሪያ ናቸው መጀመሪያ የተነሡት። «እጅ አላወጣም» አሉ። «አንድ ጊዜ አውጥቼ የሰው ልጅ ክንድ ሰብሬያለሁ። ጭነቱን ወደ ኋላ ያልኩት እኔ ነኝ። የማውቀው የአሰቡን ተሳቢ ነበር፤ ይህኛውን አላውቀውም፣ አላውቅም ማለት ከበደኝ። ዛሬ ነፍሴ ያለችው ይኼ ልጅ በገጠማት እጀታ ነው። ይህን ጻፊው ወርቅውሃ።»

ኅሩይ ጋሼ መኩሪያን በትሕትና አመሰገነና ጉዳዩ ስሜታዊ መሆኑን ገልጦ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ እንለፍ አለ።

ነጅሙዲን ተነሣ። ስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም። ማይክሮፎኑ ድረስ መሄድ እንዳለበት እንኳ ሌላ ሰው ነው የጠቆመው። ሄዶ ቆመ። ከፊት ረድፍ ሰርክ ጄሶዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታየዋለች፤ ፀሐይነሽ አጠገቧ።

«እኔም እጄን አውጥቻለሁ» አለ። «አሥራ አራተኛው እኔ ነበርኩ። ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ ነው ያወጣሁት፤ ከሁላችሁም የባሰ ጥፋት የእኔ ነው፣ ይጻፍ። መጎተቻው ግን አልላላም፤ ፒክአፑ እዚያው ጋራዥ ቆሟል፣ የፈለገ ሄዶ ይይ። አሁን ሊቀ መንበሩን የምጠይቀው አለኝ።»

ኅሩይ ከሰብሳቢው ወንበር ላይ ሆኖ ከስብሰባው በኋላ ቢሮ ውስጥ ብንነጋገር ይሻላል አለው።

«አይሆንም። ዓርብ ዕለት ከሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብለህ ያየኸው አንተ ነህ። ቁጥሩን አንብበሃል፤ ስንት መሆን እንደነበረበትም ሰምተሃል። እነዚያ ሃያ ሁለት ካርቶኖች የሰው በርበሬ ቢሆኑ ኖሮ አውርዱ ትል ነበር ወይስ አትልም? ቢሮ ውስጥ አይደለም፣ ለእኔም አይደለም። እዚህ፣ በዚህ ማይክሮፎን፣ ለሰርክ መልስላት።»